ሌላ ፌስቡክ አትሥሩልን

ለኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦ ለኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር፣ እንዲሁም ይመለከተኛል ለሚል ሁሉ

ጉዳዩ፦ በአገር ውስጥ ይሠራል የተባለውን ማኅበራዊ ሚዲያ ይመለከታል

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የዚያን ጊዜው የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ ዋና ዳይሬክተር፣ ኢትዮጵያ ፌስቡክን፣ ትዊተርንና ዋትስአፕን የሚተኩ የራሷን መድረኮች መሥራት መጀመሯን ለሮይተርስ ተናግረው ነበር። የአገር ውስጥ ባለሙያ እንደሚበቃና የውጭ ሰው እንደማይቀጠርም ገልጸዋል። መቼ እንደሚያልቅና ስንት ብር እንደሚፈጅ ግን መናገር አልፈለጉም። ዓመታት አለፉ፤ ሐሳቡ ግን አልሞተም። ፌስቡክ ላይ አንድ ክፉ ነገር በተሰራጨ ቁጥር «ቻይና የራሷ አላት፣ እኛስ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለዚያ ጥያቄ ነው።

እኔ ጎንደር አራዳ ውስጥ ስልክ የምጠግን፣ አፕ የምጭን፣ ማታ ማታ ደግሞ የሰፈራችንን እድር መዝገብ የምይዝ ሰው ነኝ። ኮድ አልጽፍም። ሰው ስልክ ገዝቶ «ምን ልጫንልህ?» ሲባል ምን እንደሚመልስ ግን በየቀኑ እሰማለሁ።

አንዲት እናት አዲስ ስልክ ይዘው መጡ። «እማማ፣ ቴሌግራም ይሁን ዋትስአፕ?» አልኳቸው። «እኔ የሱን ስም የት አውቄ ልጄ፤ ልጅቱ ያለችበትን ክፈትልኝ» አሉኝ። ልጅቱ ቤሩት ናት፤ የምትገኘውም ኢሞ ላይ ነው። ኢሞ ጫንኩላቸው። የትኛው አፕ ይበልጣል፣ የማን አገር ኩባንያ ነው፣ ምስጢር ይጠብቃል ወይ የሚለው ክርክር እሳቸው ዘንድ አልደረሰም፤ ቢደርስም ልጅቱ ካለችበት አያነቃንቃቸውም።

ቅዳሜ ገበያን የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ሻጩ የሚወጣው ገዥ ስላለ ነው፣ ገዥውም የሚወጣው ሻጭ ስላለ። ከተማው ሌላ ቦታ አጥሮ፣ መደብ አስተካክሎ፣ ጥላ ሠርቶ ሌላ ገበያ ቢከፍት፣ መጀመሪያ ቀን ሄዶ ባዶ ያገኘ ሰው ሁለተኛ አይመለስም። የቦታው ማማር ችግር አልነበረበትም፤ ሰው የለበትም እንጂ።

ጉግል ይህን በገንዘብ ሊያልፈው ሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2011 ጉግል ፕላስ የሚባለውን ማኅበራዊ መድረክ ሲከፍት የጂሜይልና የዩቲዩብ ባለቤት ነበር፤ መሐንዲስም ዶላርም አልቸገረውም። ሰው ተመዘገበ፣ ግን አልተቀመጠም። ኩባንያው ራሱ በ2018 እንዳመነው ከተጠቃሚዎቹ ጉብኝት ከመቶ 90ው ከአምስት ሰከንድ በታች ነበር። ገብቶ፣ ዞር ብሎ አይቶ፣ ወጣ ማለት ነው። በ2019 ተዘጋ። እኛ ከጉግል የሚበልጥ በጀት እንደሌለን ማንም አይከራከረኝም።

መንግሥት ከኋላው ቢቆምስ የሚል ካለ፣ የሕንዱን «ኩ» ያስታውስ። እ.ኤ.አ. በ2020 የተጀመረ፣ በብዙ የሕንድ ቋንቋዎች የሚሠራ፣ እንደ ትዊተር አጭር ጽሑፍ የሚለጠፍበት መድረክ ነበር። የሕንድ መንግሥት በ2021 ከትዊተር ጋር ሲጣላ ሚኒስትሮች ሳይቀሩ ወደ ኩ ገቡ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ የናይጄሪያ መንግሥት ትዊተርን ሲያግድ እሱም ኩ ላይ አካውንት ከፈተ። ከዚህ በላይ የመንግሥት ድጋፍ የት ይገኛል? ናይጄሪያ እገዳውን በጥር 2022 አነሣች፤ ኩ ራሱ በሐምሌ 2024 ተዘጋ። የሚኒስትር መግለጫ ለማንበብ ብሎ ሰፈር የሚቀይር ሕዝብ የለም።

እኛም የራሳችን ፈተና ነበረን፤ ለእኔ ከኩ በላይ የሚያስረዳው ይሄ ነው። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ታገዱ፤ እገዳው እስከ ሐምሌ ቆየ። አምስት ወር። ለአገር በቀል መድረክ ከዚህ የሚበልጥ ዕድል አይገኝም፤ ተፎካካሪዎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ከሜዳ ወጥተውለታል። ሰው ግን ወዴት ሄደ? እገዳ የሚያሻግረውን አፕ፣ ቪፒኤን ፍለጋ ሄደ። ስክሪኑ አናት ላይ የምትወጣዋን ምልክት እያዩ «ያችን ቁልፍ አብራልኝ» የሚሉ ሽማግሌዎች ሱቄን አጨናንቀውት ነበር። የታገደውን ትተው አዲስ ነገር የጠየቁኝ ሰዎች ትዝ አይሉኝም። ከዚያ ደግሞ ከሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ራሱ ለብዙ ወራት ጠፋ። የእድራችን ጥሩንባ ነፊ የቴሌግራም ግሩፕ ከከፈትን ወዲህ ጡረታ ወጥቻለሁ ብሎ ነበር፤ ያኔ ሥራ በዛበት።

ለእውነቱ ያህል ብራዚል ላይ ሌላ ታሪክ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 መጨረሻ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኤክስን (የቀድሞውን ትዊተር) ሲያግድ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሚሊዮን በላይ ሰው እሱን ወደሚመስለው ብሉስካይ ገባ። ልዩነቱ ግን ብሉስካይ አስቀድሞ ተሠርቶ፣ ሰው ገብቶበት፣ በሩ ተከፍቶ መጠበቁ ነው። መንግሥትም አልሠራውም።

አገር በቀል አያሸንፍም ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ያሸነፈ አለ። ሩሲያ ውስጥ ቪኮንታክቴ የሚባለው ማኅበራዊ መድረክ እ.ኤ.አ. በ2006 ተመሥርቶ፣ ፌስቡክ ሳይታገድ፣ በእኩል ሜዳ በልጦት ኖሯል፤ ፌስቡክ እዚያ የታገደው ገና በ2022 ነው። በቋንቋቸው ቀድሞ መጣ፣ ጓደኛ ሁሉ እዚያ ገባ፣ ዘፈንና ፊልም እንደልብ ነበረበት (የባለመብቶቹ ጉዳይ ሌላ ወሬ ነው)። መሥራቹ ፓቬል ዱሮቭ ይባላል። የአገሩ የፀጥታ መሥሪያ ቤት የዩክሬን ተቃውሞ ያስተባበሩ ሰዎችን መረጃ እንዲሰጥ ጠይቆት እምቢ እንዳለ ተናገረ፤ በ2014 ከኩባንያውም ከአገሩም ወጣ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ ግን ከወንድሙ ጋር አንድ ሌላ ነገር ጀምሮ ነበር፤ ቴሌግራም።

ይህን ታሪክ ቆም ብላችሁ እንድታስቡበት እለምናለሁ። አገር በቀል ሆኖ ያሸነፈው መድረክ ላይ የመንግሥት እጅ ሲጫነው ሠሪው ጥሎ ሄደ፤ ጥሎ የሄደበትን ነገር ዛሬ የእኛ እድር የቀብር ሰዓት ያስታውቅበታል። ሩሲያ እ.ኤ.አ. በ2018 ቴሌግራምን ልታግድ ሞክራ፣ ሁለት ዓመት ታግላ፣ በ2020 ተወችው።

ቴሌግራም እኛ ጋ ሲመጣ ፌስቡክን ልተካ ብሎ አልመጣም። ፌስቡክ የማይሠራውን ሥራ ሠራ። እስከ ሁለት ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል ይቀበላል፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሃንድአውቱን በሙሉ እዚያ አስቀመጠ። ግሩፑ እስከ 200,000 ሰው ይይዛል፣ ቻናሉ ገደብ የለውም። እኔ በሙያዬ የማየው ሌላም ነገር አለ። ስልኩ ውኃ ገብቶበት የሞተበት ሰው ሲሙን ሌላ ስልክ ላይ ከቶ ቁጥሩን ሲያስገባ የቆየው መልእክት፣ ፎቶ፣ ፋይል ሁሉ ተመልሶ ይመጣለታል። ሌላ አፕ የሚጠቀም ደንበኛዬ ስልኩን ታቅፎ ሲያዝን ቴሌግራም ያለው እየሳቀ ይሄዳል። ያም ሆኖ ፌስቡኩን የዘጋ የለም፤ ሁለቱንም ይዟል። አዲሱ አሮጌውን ገድሎ አይወርስም፤ አጠገቡ ቦታ ያገኛል።

ቲክቶክም እንዲሁ ነው። እዚያ ለመቆየት የምታውቀው ሰው መኖር አይጠበቅበትም፤ ምን እንደምታይ አፑ ይመርጥልሃል፣ ባዶ ቤት አይገጥምህም። ለዚህ ነው ጓደኞቻችንን ሁሉ በእጁ የያዘው ፌስቡክ ሊያቆመው ያልቻለው።

የቆየውም ቢሆን ዘላለማዊ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 በ580 ሚሊዮን ዶላር የተሸጠው ማይስፔስ የሚባል ማኅበራዊ መድረክ በ2011 በ35 ሚሊዮን ገደማ ተሽጧል። የእኔ እኩያ ሰው ኢንተርኔት ካፌ ወረፋ ጠብቆ ሃይ ፋይቭ የከፈተበትን ዘመን ያስታውሳል። ያን ሁሉ ጠራርጎ የወሰደው ፌስቡክ ራሱ ግን እ.ኤ.አ. በየካቲት 2004 ሲጀመር ለአንድ ዩኒቨርሲቲ ብቻ ነበር። ወር ሳይሞላው ከሐርቫርድ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ከግማሽ በላይ ገቡበት። ከዚያ ሌሎች ሦስት ዩኒቨርሲቲዎች፣ ከዚያ ሌሎች፤ ለሁሉም ሰው የተከፈተው በ2006 ነው። አንድ ጠባብ ቦታ ሞልቶ፣ ከዚያ ሲፈስ ወደሚቀጥለው። መቶ ሚሊዮን ሕዝብ በአንድ ቀን ልጥራ አላለም።

ቻይናን ለሚጠቅሱ አንድ ቃል ብቻ። የቻይናው መልእክት መላላኪያ ዊቻት እ.ኤ.አ. በ2011 ሲወጣ ባለቤቱ ቴንሰንት ኪውኪው በሚባለው መልእክት መላላኪያ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሰው ቀድሞ ይዞ ነበር፤ የሚወዳደረውም ከሌሎች የቻይና ኩባንያዎች ጋር ነበር። ፌስቡክ በመታገዱ ብቻ የበቀለ አይደለም።

ታዲያ ጎንደር ላይ ያ ጠባብ ቦታ የት ነው? እኔ የማውቀውን ልናገር። እድራችን ወርኃዊ መዋጮ ይሰበስባል። ማን ከፈለ፣ ማን ቀብር ቀረ፣ ማን ይቀጣ የሚለው በእኔ ደብተር ነው ያለው። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ትልልቁ ድስት ለጎረቤት እድር ይዋሳል፤ አሁን የት እንዳለ የሚያውቀው ንብረት ያዡ ብቻ ነው፣ እሱም ስልኩን ካነሣ። በአንድ ቀን ሁለት ለቅሶ ከገጠመ ድንኳን ፍለጋ ከሰፈር ሰፈር መደወል ነው። ይህን ቴሌግራም አይሠራልንም። ፌስቡክ ጭራሹን አያውቀውም። መዋጮውን በቴሌብር ወይም በኤምፔሳ የሚቀበል፣ የቀረውን የሚመዘግብ፣ ድንኳኑ ማን ጋ እንዳለ የሚያሳይ ነገር አንድ ተማሪ ቢሠራ አባላቱ በአጭር ጊዜ ጠቅልለው ይገባሉ። የማይገባም ቢኖር ቅጣት አለና ይገባል። የእኛ እድር ከገባ ድንኳን የምናዋሰው እድር ይገባል፣ ከዚያ ማራኪ፣ ከዚያ አዘዞ። ፋሲል ከነማ ደጋፊዎች ቢጀምሩት ደግሞ በሌላ መንገድ ይሄዳል፤ እኔ ግን እድር ይበልጣል እላለሁ፤ ኳስ በክረምት ያርፋል፣ ሞት አያርፍም።

እንዲህ ያለውን ነገር ሚኒስቴር አይሠራውም፤ መሥራትም የለበትም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የኢንፎርማቲክስ ኮሌጅ አለው፤ በየዓመቱ የመመረቂያ ፕሮጀክት ይሠራል። ልጆቹ ሱቄ መጥተው ሲጫወቱ የሚያነሡት ችግር የእውቀት አይደለም። አፕ ጉግል ፕሌይ ላይ ለማውጣት የአንድ ጊዜ 25 ዶላር ይከፈላል፤ አፕል ላይ በየዓመቱ 99 ዶላር። ብሩ ተጠራቅሞ ይገኛል፣ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ግን አይገኝም። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ይለመናል፤ አፑም በዘመዱ ስም ይወጣል። ነገ ዘመዱ ቢቆጣ አፑ ምን ሊሆን ነው? ሌላ ፌስቡክ ለመሥራት ከታሰበው ገንዘብ ጥቂቱን ወስዳችሁ፣ ከአንድ ባንክ ጋር ተስማምታችሁ፣ ተማሪ በብር ከፍሎ አፑን በራሱ ስም የሚያወጣበትን መስኮት ብትከፍቱ ብዙ ነገር ይለወጣል።

ብሶቱን አልክድም። ፌስቡክ በቋንቋችን የሚጻፈውን በጊዜ አያነሣም። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 ከመገደላቸው በፊት ስማቸውንና ፎቷቸውን የያዙ ጽሑፎች ፌስቡክ ላይ ይዞሩ ነበር፤ ልጃቸው እንዲነሡ ደጋግሞ ማመልከቱን ይናገራል። በፌስቡክ ባለቤት በሜታ ላይ በ2022 ኬንያ ውስጥ የተከፈተውን ክስ የማየት ሥልጣን እንዳለው የናይሮቢው ፍርድ ቤት በሚያዝያ 2025 ወስኗል። ግን ይህ ጉዳይ አገር በቀል መድረክ ሲመጣ በራሱ አይጠፋም። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ጥቆማ የደረሰው አገልግሎት ሰጪ የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሣ ያዛል። አማርኛውን፣ ኦሮምኛውን፣ ትግርኛውን ቀንና ሌሊት የሚያነብ ሰው ከየት ይመጣል? ለዚህ የሚያግዝ፣ ኮምፒዩተር ቋንቋውን የሚማርበት፣ ለማንም ክፍት የሆነ የአማርኛ የጽሑፍና የድምፅ ክምችት ብታሠሩ የፌስቡክንም የተማሪውንም ችግር ይነካል። እንዲህ ያለውን ሥራ ከመንግሥት በቀር የሚደፍረው የለም፤ ትርፍ የለውምና።

የእምነት ጉዳይም አለ፤ በጨዋነት ላንሣው። የመረብ ደኅንነት ኤጀንሲው መድረክ እንሠራለን ከማለቱ ከሁለት ወር በፊት፣ በሰኔ 2013 ዓ.ም.፣ ፌስቡክ ከኤጀንሲው ጋር ግንኙነት ካላቸው ግለሰቦች ጋር የተያያዙ ናቸው ያላቸውን የሐሰት አካውንቶች መሰረዙን ይፋ አድርጓል። ትክክል ነው አይደለም ብዬ የምፈርድ እኔ አይደለሁም። ግን ያን የሰማ ሰው የሚስቱን መልእክት፣ የነጋዴ ምስጢሩን በዚያው መሥሪያ ቤት ሰርቨር ላይ ያስቀምጣል ወይ ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ጥሩ ነው። ሥራ ላይ ሲውል መጀመሪያ በመንግሥት ላይ ሲውል እናይ ይሆናል።

ትልልቆቹን በር ማስከፈትም ይቻላል። ሜታ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 እንደ ትዊተር ያለውን ትሬድስን ሲያወጣ በአምስት ቀን 100 ሚሊዮን ሰው የገባበት በኢንስታግራም አካውንቱ፣ የሚከተላቸውን ሰዎች ይዞ መግባት ስለቻለ ነው። ያ ዕድል የተሰጠው ግን ለባለቤቱ ለራሱ ብቻ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ከመጋቢት 2024 ጀምሮ ዋትስአፕ ለሚጠይቁት ሌሎች መልእክት መላላኪያዎች በሩን እንዲከፍት በሕግ አስገድዷል። አንድ አገር ብቻዋን ሜታን ማስገደድ ይከብዳታል፤ የአፍሪካ ኅብረት ግን መቀመጫው እናንተው ከተማ ነው።

የመጨረሻው ትንሽ ነገር ነው፣ ነገ ጠዋት የሚሠራ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሥራ ቅጥር፣ የጨረታ፣ የውኃና የመብራት ማስታወቂያቸውን ፌስቡክ ገጻቸው ላይ ብቻ ይለጥፋሉ። ድረ ገጽ አላቸው፤ ሲከፈት የሁለት ዓመት ዜና ነው። አካውንት የሌለው ሰው ማስታወቂያውን ለማንበብ ሱቄ መጥቶ አካውንት ያስከፍታል፤ እኔ የአገልግሎት እቀበላለሁ፣ ፌስቡክ አንድ ሰው ይጨምራል። ፌስቡክን ልንተካ ነው የሚል መንግሥት በየቀኑ ለፌስቡክ ደንበኛ ሲያመጣለት ማየት ያስገርማል። ማንም ሳይመዘገብ የሚያነበው ገጽ ይኑራችሁ፤ ፌስቡኩ ላይ ከዚያ ይቀዳ።

በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው ሥራ ምን ደረጃ ላይ ደረሰ? ስንት ወጣበት? የተጻፈ ኮድ ካለስ ለዩኒቨርሲቲዎቹ ተማሪዎች ክፍት ማድረግ ይቻላል ወይ? ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች በጽሑፍ መልስ እጠብቃለሁ። መልሱን ስታወጡ ፌስቡክ ገጻችሁ ላይ ብቻ እንዳይሆን አደራ።

ከአክብሮት ጋር
የስልክ ጠጋኝና የእድር ጸሐፊ
አራዳ፣ ጎንደር